ፔዳሉ ወለል ድረስ ገብቶ ነበር

አምቦ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሃዋኒ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? በዚህ ወር የጊንጪ ብርድ አይጣል ነው ይላሉ። የቀኝ እጅሽ አንጓ በብርድ ጊዜ ያምሽ ስለነበር ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ልጠይቅሽ። ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ጠመኔ መያዝ ያቅትሻል? ትምህርት ቤታችሁስ እንዴት ነው? እኛ በመድኃኔዓለም ቸርነት አለን። ሃዋኒ ጤነኛ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። እኔን ደምህ ከፍ ብሏል ብለው ጨው ከልክለውኛል። ከዚያ ሌላ የማወራው ሕመም የለኝም።

ያልደወልኩልሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ቁጥሬን ስታዪ እንደማታነሺ አውቃለሁ፤ አልፈርድብሽም። ሁለተኛው፣ የምነግርሽ ነገር በወረቀት ሰፍሮ ፊርማ ሊያርፍበት ይገባል። ያኔ ሽማግሌዎቹ የወሰኑት በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ሰባት ሰው ፈርሞበታል። እሱን የሚያፈርስ ቃል በስልክ ተነግሮ ቢቀር ማንም አይቀበልሽም። ስለዚህ አንቺ የምታውቂውን ደግሜ ስጽፍ አትሰልቺ። ወረቀቱን ለሌላ ሰው ብታሳዪው ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲገባው ብዬ ነው። ደግሞም ያለፈውን ትምህርት ሳልከልስ አዲስ መጀመር እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ስትስቂብኝ ኖረሻል።

ነገሩ ስለ ፍሬኑ ነው።

በ2010 ዓ.ም. እናቴ ፋንቱ ፋሲካን እኛ ዘንድ ውላ በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ወደ ባኮ ስትመለስ እኔ የማርመው የፈተና ወረቀት ስለነበረኝ አንቺ ልታደርሻት ተነሳሽ። መኪናዋ ከጋብቻችን በዕድሜ የምትበልጠው ዲኤክስ ኮሮላችን ናት። እናቴ ከኋላ ተቀመጠች። ቁልቁለት ትፈራለች፤ ጌዶን አልፋችሁ ወደ እጃጂ መውረድ ስትጀምሩ በኦሮምኛ «ሱታ፣ ሱታ»፣ ቀስ በይ፣ ቀስ በይ ትልሽ ጀመር። አንቺም አማትሽን ላለማስከፋት እግርሽን ከፍሬኑ ላይ ሳታነሺ ያን ሁሉ ቁልቁለት በአህያ እርምጃ ወረድሽ። እጃጂ ልትገቡ ትንሽ ሲቀር ፔዳሉ ወለል ድረስ ገባ። ደጋግመሽ ረገጥሽው፤ ምንም አልያዘም። በግራ ገደል ነበር፣ በቀኝ ለመንገዱ የተቆረጠ የአፈር ግንብ። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝሽ።

የእናቴ ዳሌ ተሰበረ። ያንቺ አንጓ ተሰነጠቀ። የመኪናዋ የቀኝ መብራትና ፓራፋንጎ ገባ። ወደ ግራ ብትጠመዝዢ ኖሮ ሁለታችሁንም እንቀብራችሁ ነበር። ይህን ያኔ ከመካከላችን አንድም ሰው አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም።

እናቴ ሆስፒታል ተኝታ የተናገረችው ሌላ ነው። «ሱታ ብላት ተናዳ ነዳጅ ሰጠችው» አለች። ስለ እሷ አንድ ነገር ልመስክር፤ አልዋሸችም። በዝግታ ስትሄድ የነበረች መኪና በድንገት ስትፈተለክ ነው ያወቀችው፤ ስለ ፍሬን ምንም አታውቅም። ወንድሜ ዋቅጋሪ ግን ቃሏን ተቀብሎ ከባኮ እስከ አምቦ ላለ ዘመድ ሁሉ፣ ምራት አማቷን ልትገድል ነበር ብሎ አዳረሰው። ነገሩ ቤት ውስጥ ሊያልቅ ስላልቻለ ሚያዝያ 21 ቀን እሁድ ሽማግሌ ግቢያችን ተቀመጠ።

ሰብሳቢው ኦቦ ጉርሙ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ስለሆኑ ከእሳቸው የተሻለ ዳኛ አይገኝም ተባለ። ጥያቄው ቀላል ነበር። ፍሬኑ በጥሶ ከሆነ ጥፋቱ መኪናዋን ደህና ናት ብሎ የሰጠው የእኔ ነው፤ ፍሬኑ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ያንቺ ነው። መኪናዋ ከእጃጂ በኢሱዙ ተጭና መጥታ እዚያው ግቢ ቆማ ስለነበር ኦቦ ጉርሙ ከዘራቸውን ለዋቅጋሪ ሰጥተው ገቡና ፔዳሉን ረገጡት። እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። ደግመው ረገጡት። ከዚያ ኮፈኑን አስከፍተው የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ክዳን በገዛ እጃቸው ፈቱና ተመለከቱ። ዘይቱ የማር ጠጅ መስሎ የጠራ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የፍሬን አስተማሪ ነህ። ከአደጋው በኋላ ነክተኸዋል ወይ? ዱጋ ተናገር» አሉኝ። እውነቱን ተናገር ማለታቸው ነው።

«አልነካሁትም» አልኩ።

አንቺ እጅሽ በጄሶ ታስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጠሽ ነበር። «ፔዳሉ ወለል ድረስ ገብቶ ነበር። እግሬ ያውቃል» አልሽ። ሌላ ቃል አልጨመርሽም። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክመሽ እናቴ እግር ሥር እንድትወድቂ ፈረዱብሽ። ያላጠፋሁትን ይቅር በሉኝ አልልም አልሽ። በሳምንቱ አንድ ሻንጣ ይዘሽ ወደ ጊንጪ ሄድሽ። ሃዋኒ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከእኔና ታማ እኛ ዘንድ ከቀረችው አያቷ ጋር እቀራለሁ ያለችው እሷ ራሷ ናት። ዕቃሽን ስታወጪ ከክፍሏ አልወጣችም።

እስካሁን የጻፍኩት የምታውቂው ነው። ከዚህ በታች ያለውን አታውቂውም።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዝናብ በበዛበት እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ቶሎ ይጠጣል። ለዚህ ነው ቢበዛ በሁለት ዓመት አሮጌው በሙሉ ወጥቶ አዲስ መግባት ያለበት። ውሃ የጠጣ ዘይት ፍሬን ለረጅም ጊዜ ተይዞ ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ ጎማውን አይዝም፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። መኪናው ቆሞ ሲበርድ አረፋው ተመልሶ ዘይት ይሆናል፤ ፔዳሉም እንደ ድሮው ይጠነክራል። ጠዋት የሚፈትነው ሰው ምንም ጉድለት አያገኝም። ይህን ነገር በኮሌጁ የመኪና ጥገና ክፍል አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ። ፈተናም አውጥቼበታለሁ፤ አምስት ነጥብ ነው።

የእኛን ኮሮላ ዘይት ግን ለሰባት ዓመት አልቀየርኩትም ነበር። ሲጎድል በላዩ ላይ እጨምራለሁ። የምጨምረውም ከማስተማሪያ የተረፈ፣ ክዳኑ ልል የሆነ፣ ወርክሾፑ መስኮት ላይ ሁለት ክረምት የከረመ ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን ነው። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ዜሮ እሰጠዋለሁ። ምክንያቱን ብትጠይቂኝ፣ ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከላይ ፔዳል ይረግጣል፤ ሌላው ከታች ተኝቶ የጎማውን ማስተንፈሻ ቡሎን እየፈታና እያጠበቀ አሮጌውን ያስወጣል። በተጋባን ሰሞን የምትረግጪው አንቺ ነበርሽ። ከታች «ቀቢ» ስልሽ ትይዣለሽ፣ «ገዲሲ» ስልሽ ትለቂያለሽ፤ አማርኛውም ኦሮምኛውም ተደበላልቆ እየሳቅን እንጨርስ ነበር። የክፍል ኃላፊ ከሆንኩ በኋላ ኮት ለብሼ መኪና ሥር መግባት አሳፈረኝ። አንቺን ነይ እርገጪልኝ ማለትም ቀረ። እኔና አንቺ መቼ መነጋገር እንደተውን በትክክል ባላውቅም በዚያው ሰሞን ይመስለኛል።

ከጉዞው በፊት ሐሙስ ዕለት ፔዳሉ ትንሽ ገባ ገባ ይላል ብለሽኝ ነበር። እንግዶች ነበሩ። እኔም ፔዳሉ ደህና ነው፣ እግርሽ ነው የከበደው ብዬ አሳቅኩብሽ። ሽማግሌዎቹ ፊት ይህን ታነሺዋለሽ ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ፤ አላነሳሽውም። ብታነሺው እኔ አልቆልኝ ነበር። ለምን እንደተውሽው እስከ ዛሬ ጠይቄሽ አላውቅም። በሰው ፊት ልታዋርጂኝ አልፈለግሽም መሰለኝ። እኔ ግን አዋረድኩሽ።

ሽማግሌ በተቀመጠበት እሁድ ንጋት ላይ ሰው ሳይነሳ ወጥቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ዘይቱ የከሰል ዱቄት የፈሰሰበት ይመስል ጠቁሮ ነበር፤ የተቃጠለም ይሸታል። ገብቼ ፔዳሉን ረገጥኩት። ጠንካራ ነው። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝ። አንቺ እውነትሽን ነው። የእናቴን ዳሌ የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ለላሟ መድኃኒት የምንሰጥበትን ትልቁን መርፌ ከጓዳ አመጣሁ። ጥቁሩን ዘይት ከማጠራቀሚያው መጠጥኩና ሽንት ቤት ደፋሁት። አዲስ ዘይት ሞላሁበት። ከሥር በቱቦው ውስጥ ያለው ሁሉ እንደነበረ ነው፤ የሚታየውን ብቻ ነው የቀየርኩት። ሃዋኒ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ መርፌውን እጄ ላይ አይታ ምንድን ነው አለችኝ። የላሟ መድኃኒት ነው አልኳት። አራት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ።

ለምን አደረግከው ብትዪኝ ስድስት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ብዙ መልስ አለኝ። የዋቅጋሪ ቁጣ፣ የተማሪዎቼ አፍ፣ የኮሌጁ ስም፣ ሌላም ሌላም። ሁሉንም ስመረምረው የሚቀረው ፈራሁ የሚለው ነው። የፍሬን አስተማሪው በገዛ ቸልተኝነቱ እናቱን ሰበረ ተብሎ አምቦ ከተማ ውስጥ መሄድ አልችልም ብዬ ፈራሁ። አንቺ የምትችዪ መሰለኝ።

መጀመሪያ በሳምንቱ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ እናቴ ትንሽ ይሻላት አልኩ። ከዚያ አንቺ ጊንጪ ሥራ ጀመርሽ ሲባል፣ እንግዲህ ተረጋግታለች፣ ቁስል መነካካት ምን ያደርጋል አልኩ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ የሚባለው እንደኔ ላለው ነው። እናቴ አራት ዓመት በምርኩዝ ሄዳ በ2014 ሐምሌ ላይ ስታርፍ አንቺ ለቀብሯ መጣሽ። ድንኳኑ ውስጥ የዋቅጋሪ ሚስት ወንበሩ የተያዘ ነው ስትልሽና አንቺ ምሰሶው አጠገብ ቆመሽ ስትቀሪ አይቻለሁ። ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ ነው።

ከአደጋው ወዲህ የኮሮላዋን ፍሬን ዘይት በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ እቀይራለሁ። ከቱቦውም ከሥሩም፣ አንድም ጠብታ ሳላስቀር። ሰው አይቶ ምነው በየዓመቱ እንዳይለኝ የግቢውን በር ቆልፌ፣ ረጋጭ ሳልፈልግ፣ በቀጭን ጎማና በጠርሙስ ብቻዬን ግማሽ ቀን እፈጃለሁ። ከአምቦ መኪና ሁሉ የእኛን ያህል ንጹሕ የፍሬን ዘይት ያለው አይገኝም። ዘንድሮ ግን የጉልበቴ ነገር አልሆን ብሎኝ ታኅሣሥ አለፈኝ።

አሁን ስለ ሃዋኒ ልንገርሽ። ልጅሽ ያደገችው የአያቷን የምርኩዝ ድምፅ እየሰማች ነው። የላክሽላት ሹራቦች ሁሉ ሳይፈቱ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተደርድረዋል። ስትደውዪ ስልኩን ወደ እኔ ትገፋለች። አንቺን ስታነሳ «እሷ» ነው የምትለው። አንድም ቀን ተይ አላልኳትም፤ ብላት ለምን ትለኛለች።

ኅዳር ላይ መንጃ ፈቃድ አወጣች። በሴሚስተሩ ዕረፍት ባኮ ምርምር ማዕከል ለአንድ ወር ልምምድ ስለተመደበች መኪናውን ስጠኝ አለች። ያን ቁልቁለት ከመውረድሽ በፊት የፍሬን ዘይቱ ይቀየራል አልኳት። እንግዲያው አስተምረኝ፣ በራሴ እጅ ልሥራው አለችኝ። ይህ ባለፈው ሐሙስ ነው።

ጎበዝ ናት። ክሪኩን ራሷ አቆመች፣ የጎማውን ቡሎኖች ራሷ ፈታች። ለምን እንደሚቀየር ስትጠይቀኝ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው አድርጌ ነገርኳት፤ መፍላቱን፣ ፔዳሉ መግባቱን፣ ሲበርድ መመለሱን። አንደበቴ ለምዶት አላስተዋልኩም። ከዚያ የሥራው የመጀመሪያ ደረጃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለውን አሮጌ መምጠጥ ስለሆነ መርፌውን ከኪሴ አወጣሁ። ያው የላሟ መርፌ ነው። ሌላ ገዝቼ አላውቅም። ዘይቱ መርፌው ውስጥ ሲሞላ ትኩር ብላ አየችው።

ከሩቁ ጎማ ነው የሚጀመረው፤ የኋላው ቀኝ። እኔ ከታች ተኛሁ፣ አሥር ቁጥር ቁልፍ ይዤ፤ እሷ ከላይ ተቀመጠች። ወንበሩን ወደፊት ልሳብልሽ ስላት ልኬ ነው አለችኝ። እኔ ስነዳ እግሬን አጥፌ ነው የምነዳው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አንቺ ከተውሽበት ቦታ አንቀሳቅሼው አላውቅም። «ቀቢ» አልኳት፣ ያዘች። ፈታሁ፣ አጠበቅኩ። «ገዲሲ» አልኳት፣ ለቀቀች። ሁለት ዙር በደህና ሄደ። በሦስተኛው ይዛ እያለ ቡሎኑን ፈትቼ ዘይቱ ሲወርድ እያየሁ ሳለ ከላይ ድምፅዋን ሰማሁ።

«አባዬ፣ ሲበርድ ይመለሳል ነው ያልከኝ?»

አዎ አልኳት።

«ጭራሽ ያልተበላሸ ይመስላል?»

አዎ አልኳት።

«ያን ቀን የያዝከው የላሟ መድኃኒት አልነበረም» አለች። አልጠየቀችኝም፤ ነገረችኝ እንጂ።

መኪና ሥር የተኛ ሰው ከላይ ያለውን ሰው ፊት አያይም። ብቆም ኖሮ ምናልባት እዋሻት ነበር፤ በዚህ አልምልልሽም። «አልነበረም» አልኳት።

እግሯን አነሳች። ቡሎኑ ክፍት ስለነበር አየር ወደ ውስጥ ገባ፤ የሠራነው ሁሉ ከንቱ ሆነ። ወረደች። ጫማዋ እስከ በሩ ሲሄድ፣ እዚያ ሲቆም፣ ከዚያ ወደ ቤት ሲገባ አየሁ። እኔ ዘይቱ እጅጌዬ ላይ እየተንጠባጠበ ብዙ ቆየሁ። ስነሳ ሸሚዜ ተበላሽቷል።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ትሄዳለች። ሹራቦቹን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርዳ አንድ በአንድ ስትፈታ ሰማኋት፤ ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ትልልቆቹ ብቻ ናቸው አሁን የሚሆኗት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ለእናቴ ጻፈው» አለችኝ። እናቴ ስትል ከሄድሽ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ቀርቶታል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እሷ ስላለችኝ መሆኑን እወቂ። በራሴ ተነሳስቼ ነው ብል እንደገና መዋሸት ነው።

ትናንት ኦቦ ጉርሙ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳቸው። ልክ እንደዚያን ቀን «ነክተኸዋል ወይ?» አሉኝ። «ነክቼዋለሁ» አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ስለ ራሳቸው ማውራት ጀመሩ። በወጣትነታቸው አንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በጥሶባቸው በመከራ ቆመው፣ ጠዋት ሲነሱ ፔዳሉ ድኖ ስላገኙት የገብርኤል ተአምር ነው ብለው ለዓመቱ ጥላ ስለት አስገብተዋል። ለሰው ሁሉ ሲመሰክሩም ኖረዋል። ያንቺን ጉዳይ ሲያዩ ግን ያ ትዝ አላላቸውም። ተአምር ለእኔ ብቻ የተደረገ መስሎኝ ነዋ አሉኝ። አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ስለ እናቴም፣ ስላንቺም።

ከዚያ ቃል የሚመለሰው በተነገረበት ቦታ ነው አሉ። የካቲት 3 እሁድ ያው ሽማግሌዎች፣ በሕይወት ያሉት፣ እኛ ግቢ ይቀመጣሉ። ዋቅጋሪና ሚስቱም ይጠራሉ። እኔ ቆሜ የሚከተለውን አነባለሁ፤ እዚህም ጽፌ ፈርሜበታለሁ፦

«ሚያዝያ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚህ ቦታ የመኪናውን ፍሬን አልነካሁትም ያልኩት ሐሰት ነው። ነክቼዋለሁ። ፔዳሉ ወለል ድረስ ገብቶ ነበር። ዘይቱን ሰባት ዓመት ሳልቀይር፣ ፔዳሉ መግባቱም ተነግሮኝ መኪናዋን ደህና ናት ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሃዋኒ እናት አንዳች አላጠፋችም። መሪውን ወደ አፈሩ በማዞሯ የእናቴን ነፍስ አትርፋለች።»

ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ባትመጪ መብትሽ ነው። ባትመጪም ይነበባል። ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ ግን ሽማግሌ አልልክብሽም፤ ሽማግሌ ከኛ በኩል አንዴ መጥቶብሻል። መኪናዋ እስካሁን ክሪክ ላይ ናት። ሃዋኒ ከአንተ ጋር አልጨርሰውም ብላኛለች፤ ለብቻዬ ደግሞ ጉልበቴ እንቢ ብሏል።

እንግዲህ ጤናውን አብዝቶ ይስጥሽ። አንጓሽን ሙቀት አትንፈጊው። ያስተማርሻቸው ልጆች ደርሰው ይጡሩሽ፤ ከእኔ ያጣሽውን ደግ ነገር መድኃኔዓለም በሌላ በኩል ይካስሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን ደብዳቤ በበርሽ ሥር ያሳለፈችው ሃዋኒ ናት። እጇ ላይ ስጪያት፣ ግቢ ብላት እንቢ አለችኝ። መጀመሪያ ታንብበው፣ እኔም እኮ አላመንኳትም፣ ከዚያ በኋላ ከፈለገች ትክፈትልኝ ነው ያለችው። ለባኮ ያሰናዳችውን የአንድ ወር ልብሷን ይዛለች፤ ቁርስም አልበላችም። እዚህ ድረስ አንብበሽ ከሆነ ውጭ ቆማ እየጠበቀችሽ ነው። ተነሺና ክፈቺላት።

የሃዋኒ አባት
(ፊርማ)